ገበዙ ያልሸጡት መጽሐፍ

ይህን የምጽፈው ላስታን ላላያችሁ፣ ምናልባትም ለማታዩ ሰዎች ነው። ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ ላሊበላ ድረስ ሄጄ አንዱንም ሳልሳለም ተመለስኩ ብል ማን ያምነኛል? የሄድኩበት ጉዳይ ሌላ ነበር። አንድ የሞቱ ሰው መጽሐፍ ሸጠዋል ተብለው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ተቀብረዋል። አለመሸጣቸውን የሚናገረው ወረቀት ደግሞ እኔ እጅ ገባ። ተናድጄ ሄድኩ፣ ብሶብኝ ተመለስኩ። ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ከሥሩ ልጀምር። የምሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ስሙን አልጽፍም። ከተማችን ከአዲስ አበባ ግማሽ ቀን ቁልቁል የሚወረድበት ቆላ ነው። የገባሁት በጽዳት ነበር። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የቀረውን የተማርኩት አቧራ ስጠርግ ከመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ነው። እንግሊዝኛውንም እንደዚያው፣ አንዱን ቃል ዛሬ ሌላውን ነገ። በኋላ የጥገና ክፍሉ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጡ ሥራቸውን ለእኔ አስተምረው ወጡ። አሁን የተቀደደ የምሰፋ፣ የላላ የማጠብቅ እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ቤተ መጻሕፍቱ የራሱን ታሪክ ሊያሳትም ተነሣ። ለሽፋኑ ፎቶ የተመረጠው አንድ የብራና ድርሳነ ሚካኤል ነበር። መጽሐፉ የተቀመጠበት ሣጥን ጀርባው ተገንጥሎ ስለነበር «አሳምሪው» ተብሎ ወደ እኔ መጣ። በእኛ ሙያ ጀርባ ሲላላ ከጨርቁ ሥር የተጣለ ወረቀት በሙጫ ይለጠፋል፤ ያጠነክረዋል። አሮጌውን ጀርባ በውኃ አርሼ ስልጠው ከሥሩ በታይፕ የተመታ ወረቀት ወጣ። እንግሊዝኛ ነው። ጣቴን እያስኬድኩ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ሁለት ቀን አነበብኩት። ከአፋፍ ሚካኤል ደብር፣ ከገበዝ ወልደ ሐና እጅ፣ ፎቶ ለማንሳት ብቻ ተወስዷል፤ በሦስት ወር ውስጥ ይመለሳል ይላል። ከሥሩ ሁለት ምስክሮች አሉበት። ማኅተምም አለው፤ ግማሹን መቀስ በልቶታል። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው የውሰት ደረሰኙን ቆራርጦ ለዚያው መጽሐፍ ሣጥን ጀርባ ማጠናከሪያ አደረገው ማለት ነው። ያኔ ኮሌጅ ነበርን፤ ንጉሡ ገና አልወረዱም ነበር። እስከ ዛሬ መጽሐፉ በመዝገባችን ላይ «ስጦታ» ነው። በሚታተመው ታሪክም «ከላስታ ሕዝብ በፍቅር የተበረከተ» ተብሎ ተጽፏል።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ኃላፊያችን ገባሁ። ቁጡ ሰው አይደለም፣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ወይዘሮ አስካለ፣ ይሄ የቆየ ነገር ነው። ፋይል ውስጥ አስገቢው» አለኝና ስልኩን አነሣ።

ስወጣ ለዘበኛችን ለጋሽ ሞላ ነገርኩት። የላስታ ሰው ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ገበዝ ወልደ ሐና? መጽሐፍ ሻጩ? መቃብሩኮ ኸቅጥር ውጭ ነው። ከብት ይረግጠዋል። ልጁ እማማ ዝማም ሳልሞት ላስገባው እንዳለች አርጅታ ቀረች።» ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያን የዕቃ ቤት ቁልፍ የሚይዝ፣ ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መጽሐፍ ሸጠ ተባለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ «የሰረቀው፣ የፋቀው፣ የሸጠው የተወገዘ ይሁን» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። ያን ገጽ የጠገንኩት በገዛ እጄ ነበር።

የዓመት ፈቃዴን ሞላሁ። ወረቀቱን ከፋይሉ አወጣሁና በቦታው «ለአሥር ቀን ተውሻለሁ፣ አስካለ» ብዬ በእጄ ጽፌ ተውኩ። እንደ እነሱ አይደለሁም፣ ቀኑን አከብራለሁ።

ሐሙስ

አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ አውቶብሱ ውስጥ ገና መግባቴ ነበር ነጠላዬ በሩ ተዘግቶበት ሲቀደድ። ጉዞው እንዲህ ጀመረ። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ እኔ የቆላ ሴት ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ሹራብ ሳልይዝ። ከተማችን ሰው ማታ ማታ ደጅ የሚቀመጠው ሙቀቱን ሸሽቶ ነው። እዚህ በቀትር ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ የጆንያ ክምር ላይ ያነጠፈውን ብርድ ልብስ ሳይጠይቀኝ ጭኔ ላይ ጣለው።

ኬላ በመጣ ቁጥር ወርደን እንፈተሻለን። አንዱ ወታደር መታወቂያዬን እያገላበጠ «ኸቆላ ላስታ ድረስ ምን ልትሠሪ?» አለኝ።

«ለቀብር።»

«የማን?»

«አላውቃቸውም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «መቼ ሞቱ?»

«አንተ ሳትወለድ።»

ጓደኛውን ጠርቶ «ናማ ይችን ሴትዮ ስማት» አለው። ሳቁብኝና አሳለፉኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ከሚሴ ላይ ጎማ ፈነዳ። ፀሐዩ እንደ አገሬ ነበር፤ ደስ አለኝ። አንዲት ሙስሊም እናት ከሱቃቸው ምንጣፍ አውጥተው «ነይ ልጄ፣ ያረቢ፣ ጥላው ሥር አረፍ በይ» ብለው እርጎ በቅል ሰጡኝ። ለምን እንደምሄድ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተውሶ ያልመለሰን ሰው የሚያስተኛው እንቅልፍ ምን ዓይነት ነው?» አሉ። ኃላፊያችን ግን እንደሚተኛ አውቃለሁ። ደሴ ስንገባ መሽቶ ስለነበር ሳልበላ ተጋደምኩ።

ዓርብ

ከደሴ ወልዲያ፣ ከወልዲያ በሚኒባስ ሽቅብ። የድልብን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ። ያ ሁሉ የገብስ ማሳ፣ ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ሰውም እዚያ ላይ ይኖራል። እኛ ጋ መሬቱ ሜዳ ነው፤ ሰው የጠፋበትን ነገር ቆሞ ያያል። እዚህ አንድ ተራራ አንድ አገር ይሸፍናል። ያን ዘመን መጽሐፉን ጭነው በዚህ ቁልቁል የወረዱት ሰዎች ዞር ብለው አይተው ይሆን እያልኩ ተበሳጨሁ። ሦስት ወር ብለው የፈረሙት ዳገቱን ሳያዩ ነው? ወይስ ማን ይህን ወጥቶ ይጠይቀናል ብለው ነው?

ጋሸና ስንደርስ የላሊበላው መኪና ሄዷል። ጋሸና መንገድ የሚታጠፍበት፣ የጭነት መኪና የሚቆምበት፣ ነፋስ የማይተኛበት ከተማ ነው። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ የምትባል ፈጣን ሴት ናት። የጾም ቀን ስለነበር ሽሮ በገብስ እንጀራ አቀረበችልኝ። እንጀራው ጠቆር፣ ጠንከር ይላል፤ ሁለት ጉርሻ ሆድ ይሞላል። እግሬን አየችና ጮኸች፦

«ውይ እታለም! በዚህ ጫማ ነው ላስታ የመጣሽ? ማን ጠልቶሽ ነው የላከሽ?»

የራሷን የሱፍ ካልሲ አምጥታ አለበሰችኝ። መክፈል አልችልም እንኳ አላስባለችኝም፤ ቁጣዋ አፌን ዘጋው። ጉዳዬን ስነግራት ግን ድስት ማማሰሏን ተወች።

«እኛ ጋ የሄደ መጽሐፍ ተመልሶ አያውቅም እኮ። አንዱ ይወስዳል፣ አንዱ ተጠበቀልን ይላል። ኸኛ ዘንድ ስንት ዘመን ማን ጠበቀው? አይጥ?»

እኔም ስንት ጊዜ ለጎብኝዎች «እዚህ በመምጣቱ ተረፈ» ስል እንደነበር ትዝ አለኝ። ያስተማሩኝን ነው የደገምኩት። አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

ቅዳሜ

ረፋድ ላይ ላሊበላ ገባን። የጋሽ ሞላ እህት እናንዬ መናኸሪያ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ትንንሽ የእንጨት መስቀል ለእንግዳ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ጎብኚ ከቀነሰ ወዲህ አብዛኛውን ቀን የምትሸጠውን እያበሰች እንደምትውል ሳቅ ብላ ነገረችኝ። «ቤተ ጊዮርጊስን ላሳይሽ?» ስትለኝ «መጀመሪያ ጉዳዬ» አልኳት። ጉዳዬ ቀኖቹን ሁሉ በላቸው።

በይምርሐነ ክርስቶስ አቅጣጫ ባጃጅ እስከሚገባበት ሄድን፤ ከዚያ በእግር። እናንዬ እያወራች ትወጣለች፣ እኔ በየአሥር እርምጃው ቆሜ እተነፍሳለሁ። ከተማችን ውስጥ ከሁሉ ከፍ ያለው ነገር የቤተ መጻሕፍታችን ደረጃ ነው። አንድ ገበሬ ሲያልፍ ቆም ብሎ ሳይጠይቀኝ ዘንጉን ሰጠኝና «ስትመለሽ እዚያ ድንጋይ ላይ ጣይው» ብሎ ሄደ። ስሙን አላወቅኩም። እሱም የኔን አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ውሰት አለ እንግዲህ በዚህ አገር!

አፋፍ ሚካኤል ዙሪያውን በወይራና በጽድ የተከበበ ደብር ነው። ከድንጋዩ ቅጥር ውጭ፣ በጎች በሚነዱበት መተላለፊያ ጎን፣ ሦስት ድንጋይ የተደረደረበት ቦታ አለ። እናንዬ በአገጯ አሳየችኝ።

እማማ ዝማም ደጃቸው ላይ ገብስ ያበጥሩ ነበር። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው አሁንም የሚያይ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ከየት እንደመጣሁ ተናገርኩ። ሰፌዱን አላስቀመጡም።

«መጽሐፉን የወሰደው ቤት ነው የላከሽ?»

«አልላከኝም እማማ። ራሴ ነኝ የመጣሁት። እዚያ ግን እሠራለሁ።»

«መጽሐፉ አለ?»

«አለ። አልተበላሸም።»

ያን ጊዜ ሰፌዱን አስቀመጡ። ነገሩን የነገሩኝ ሳያለቅሱ፣ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነበር። ሦስት ወሩ አለፈ። ዓመትም አለፈ። መጽሐፉ ሳይመጣ በዓለ ሚካኤል ደረሰ፤ የሚነበብ ድርሳን የለም። አባታቸው የተሰጣቸውን የደረሰኙን ግልባጭ አወጡ። እንግሊዝኛ ስለነበር ማንም አላነበበውም። ከወረዳ የመጣ ጸሐፊ አየውና «ይሄ ውል ነው» አለ። ውል ከተባለ ሽያጭ ነው ተባለ። ወረቀቱን ቀደዱባቸው፣ ቁልፉን ነጠቋቸው፣ ከማኅበሩ አወጧቸው። ሲሞቱ ለቅሶ የደረሰ የለም። እማማ ዝማም ከወንድማቸው ጋር ሆነው ነው የቀበሯቸው። ወንድማቸውም አገር ጥሎ ሄደ።

«አባቴ ሁለት ሰው ቆሞ ነበር ይሉ ነበር። ሲጽፉ ሁለት ሰው አይቷል። አንደኛው ቶሎ ሞተ። ሁለተኛው አላየሁም ብሎ ካደ።»

«ስማቸውኮ እዚህ አለ እማማ፤ ላንብብ...»

እጃቸውን አፌ ላይ አደረጉት። የገብስ ገለባ ይሸታል። «ለኔ አትንገሪኝ። እኔማ አውቀዋለሁ። ነገ በሰው ፊት አንብቢው። እኔ ካወጣሁት ቂም ነው ይሉኛል።»

ያን ቀን ቤታቸው አደርኩ። መደባቸውን ለእኔ ለቀው እሳቸው መሬት ላይ ተኙ፤ ብለምን፣ ብቆጣ አልሰሙኝም። «የቆላ ሰው ነሽ፣ መሬቱ ይገድልሻል» አሉኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰበሰበ። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ታከለ በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በስተቀኛቸው የዛሬው ገበዝ ቄስ አዳነ፣ ወፍራሙን የብረት ቁልፍ በመታጠቂያቸው አንጠልጥለው ቆመዋል። ስደርስ ዳቦ ቆርሰው የሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። ለሰው የሚያስቡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ይህን የምጽፈው ቀጥሎ ያለውን ስትሰሙ እንዳትቸኩሉ ነው።

መምሬ ታከለ «ሚካኤል ፊት እውነቱን ልትናገሪ ትምያለሽ?» አሉኝ።

«እምላለሁ አባቴ።»

«የዚያ ቤት ምንድን ነሽ?»

«የተቀደደ እጠግናለሁ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ጠጋኝ ልከውብናል!» ብሎ አሳቀ። ሌላው ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሣው። «ማኅተሙ ግማሽ ነው። ቀሪው የት አለ?»

«እኛ ነን የቆረጥነው አያ። ለሣጥን ጀርባ ማጠንከሪያ አደረግነው።»

ሳቁ ጠፋ። «ለምን ማጠንከሪያ?» አለ፣ አልገባውም። እኔም ስናገረው ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ገባኝ። ወረቀት እንቆርጣለን፤ ጽሑፉን አናየውም። ሥራችን እንደዚህ ነው።

ከዚያ አነበብኩ። አንድ ቃል በእንግሊዝኛ፣ አንድ ቃል በአማርኛ፤ እንዳልጨመርኩ እንዲያዩ ጣቴን እያስኬድኩ። ፎቶ ለማንሳት ብቻ። በሦስት ወር ይመለሳል። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። «ምስክሮች» አልኩ። «አንደኛ፣ አቶ ይመር ካሣ። ሁለተኛ፣ ቄስ ደሴ ወርቁ።»

ከወረቀቱ ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ሰው ሁሉ የሚያየው ቄስ አዳነን ነበር። ቄስ አዳነ ደሴን። ቁልፉ ከገበዝ ወልደ ሐና ተነጥቆ የተሰጠው ለአባታቸው ነበር፤ ከአባታቸው ወደ እሳቸው መጣ።

ቄስ አዳነ ቁልፉን ጨብጠው «አባቴ... ሲሞት አንድ ነገር ሊነግረኝ ፈልጎ ነበር» አሉ። ከዚያ ቁልፉን ፈትተው መምሬ ታከለ እግር ሥር አስቀመጡት። እማማ ዝማም አልተንቀሳቀሱም። ቁልፉንም አላዩትም።

መምሬ ታከለ ተነሡ። መስቀላቸውን ወደ ቅጥሩ ውጭ፣ ወደ ሦስቱ ድንጋዮች አዙረው «ይፍታህ» አሉ፤ ሦስት ጊዜ። አንድ ሽማግሌ «ግዝቱስ ታዲያ የት ይገባል አባቴ?» ሲላቸው ወደ እኔ አዩ።

«ግዝቱማ አለ። አድራሻ ተሳስተን ነበር የላክነው።»

ብዙዎቹ ፈገግ አሉ። እኔ ግን የማን አድራሻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ጠዋት በሩን ገፍቼ የምገባበት ነው።

ሰኞ

አፅማቸውን ወደ ቅጥሩ ውስጥ አፈለሱ። ሲቆፈር እማማ ዝማም ራሳቸው ነጠላ ዘርግተው ተቀበሉ፤ ሌላ ሰው እንዲይዝ አልፈቀዱም። ፍትሐቱ ተደረገ። ከቤተልሔሙ በስተጀርባ፣ ጽዱ ሥር አረፉ። ዛሬ ከብት አይረግጣቸውም። ይህን ስጽፍ እጄ አሁንም ይሞቃል፤ ግን ደስታ ብቻ አይደለም። ለዚህች ለአንዲት ጠዋት ስንት ዕድሜ ነው ያለፈው? ለምን?

ከሰዓት በኋላ ሰው ወደ እማማ ዝማም ቤት ለለቅሶ መጣ። ያን ጊዜ ያልደረሱት፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ሁሉም ዳቦና ቆሎ ይዘው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው። እኔና እናንዬ ከደጅ ውኃ ቀድተን እየመጣን ነበር። እማማ ዝማም በሩ ላይ ቆመዋል፤ አላስገቡም።

የመጀመሪያው ሽማግሌ «እግዜር ያጽናሽ ዝማም» አለ።

«ስለማን ነው የምታጽናናኝ?»

«ስላባትሽ ነዋ።»

«አባቴ ስም የለውም? ጥራው።»

ሰውዬው ግራ ገባው። «ወልደ ሐና...»

«ማን ወልደ ሐና?»

ያን ጊዜ ገባው። ጎንበስ አለ። «ገበዝ ወልደ ሐና።»

«ግባ።»

የሚቀጥለው መጣ። ጠየቁት። ጠራ። ገባ። ሴቶቹ፣ ወጣቶቹ፣ ትናንት «ጠጋኝ ልከውብናል» ያለው ሽማግሌ ሁሉም አንድ በአንድ «ገበዝ ወልደ ሐና» እያሉ ገቡ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ሁለት ጊዜ ጠራች፤ አንዱን ለሞተችው እናቷ ነው አለች። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ አለች፤ ማንም አልተበሳጨ። ቄስ አዳነ ወደ ኋላ ቀርተው መጨረሻ ደረሱ። እማማ ዝማም ሳይጠይቋቸው ጀመሩ፦

«ገበዝ ወልደ ሐና። አባቴ አይቶ ነበር።»

እማማ ዝማም ብዙ አዩዋቸው። ያስገቧቸዋል ወይስ አያስገቧቸውም፣ እኔም አላውቅ። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አሉላቸው። «ግባ» ግን አላሏቸውም።

እንስራውን እንደያዝኩ ተከትዬ ልገባ ስል እጃቸውን በሩ ላይ ዘረጉ።

«እማማ፣ እኔም?» አልኩ።

«አንችም። የቤትሽን ነገር ጨምረሽ።»

እንስራውን አወረድኩ። ስለ ኃላፊያችን፣ ስለ ታይፑ፣ ስለ መቀሱ፣ ያኔ ገና አልተወለድኩም ስለሚለው ሁሉ ልናገር እችል ነበር።

«ገበዝ ወልደ ሐና መጽሐፉን አልሸጡም» አልኩ። «ተውሰን ያልመለስን እኛ ነን። ዛሬም እኛ ጋ ነው።»

ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። እማማ ዝማም እንስራውን ራሳቸው አነሡ፤ ከኋላዬ ያለውን የከሰዓት በኋላ ብርሃን ተሻግረው አንድ ጊዜ ወደ ቁልቁለቱ፣ መጽሐፉ ወደ ወረደበት መንገድ ተመለከቱ።

«እንግዲያ ሂጅና ንገሪያቸው» አሉኝ። «አሁን ግን ግቢ፣ ይቀዘቅዝሻል።»